ረጅም የደች ቃል ከየት ይቆረጣል፣ ድምፁስ የት ላይ ይነሳል

ባለቤቴ ሆላንድ ከገባ ጀምሮ ስልክ ላይ ስናወራ ሳይጠራት የማያልፋት አንድ ቃል አለች፣ ፈርብሌይፍስፈርኸኒንግ። የመኖሪያ ፈቃድ ማለት ናት። እሱ በአንድ ትንፋሽ ይላታል፣ እኔ ግን መጀመሪያ የሰማኋት ቀን በኛው ፊደል ደብተሬ ላይ ልጻፋት ብዬ ሦስቴ ሰረዝኩ፣ ከዛም ጽፌያት ሳያት ከየት ጀምሬ የት ላይ እንደማርፍ አላውቅም፣ መሃል ላይ ትንፋሼ ያልቅና ቃሏ አፌ ውስጥ ትበታተናለች። ወር ሙሉ እንዲህ ሆነ።

ይሄን የምጽፈው እንደኔ ብቸና ወይ ሞጣ ወይ ደብረ ማርቆስ ቁጭ ብሎ በስልክ ደች ለሚማር ሰው ነው። ሆላንድ ወዳለ የትዳር ጓደኛ ለመሄድ ከጉዞው በፊት የሚወሰድ ፈተና አለ፣ ኢንበርኸሪንግ ይሉታል፣ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፣ ሦስት ክፍል አለው፣ መናገር፣ ማንበብና ስለ ሀገሩ ማወቅ። የመጨረሻው ብዙም አያስጨንቅም፣ ቀድሞ ከሚታወቁ 100 ጥያቄዎች ውስጥ 30 ነው የሚመጣው፣ ስለዚ ቁጭ ብሎ የሚጠና ነገር ነው። ማንበቡም ቀስ ተብሎ ይሄዳል። መናገሩ ግን ከኮምፒዩተር ጋር ነው፣ ፊት ለፊታችሁ ቁጭ ብሎ «ምን አልሽ? እስቲ ድገሚው» የሚላችሁ ሰው የለም፣ ድምፁ ይመጣል፣ ሰምታችሁ ትመልሳላችሁ፣ አለቀ። እኔ የመጀመሪያውን ጊዜ የወደቅኩት በመናገሩ ነው። አባይ በረሃን ወርጄ ወጥቼ አዲስ አበባ ኤምባሲው ድረስ ሄጄ፣ የማውቃቸው ቃላት ሲነገሩ ሳላውቃቸው ቀረሁ። ደብተሬ ላይ ያሉ ቃላት እኮ ናቸው! አንድ በአንድ በእጄ የጻፍኳቸው። ጆሮዬ ግን አልያዛቸውም፣ ምክንያቱም እኔ የያዝኳቸው እንደ ጽሑፍ ነበር፣ የት ላይ እንደሚነሱ የት ላይ እንደሚወድቁ ማንም አልነገረኝም እኔም አልጠየቅኩም።

ተመልሼ ቤተሰቦቼ ጋ ብቸና ገባሁ። ጥር ነበር፣ ሽምብራ የሚለቀምበት ሰሞን፣ እናቴ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ትለቅማለች፣ እኔ ጎኗ ቁጭ ብዬ ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ አንዱን ቃል እደጋግማለሁ። አባቴ ከውጪ ገቡና ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ቆመው ሰሙኝ። አባቴ ልጅነታቸውን ያሳለፉት ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ቤት ነው፣ ደበሎ ለብሰው ቁራሽ እየለመኑ፣ ከጉባኤ ቃና ተነስተው ብዙ ከሄዱ በኋላ ነው አባታቸው ሲያርፉ ወደ እርሻው የተመለሱት። እና ጆሯቸው የተማሪ ጆሮ ነው እስከዛሬ።

«ምንድነው እንደ ዳዊት የምትደጋግሚው ልጄ?» አሉኝ።

«የደች ቃል ነው አባባ፣ አልያዝ አለኝ።»

«እስቲ አሰሚኝ።»

ያን ሰሞን የያዝኩት ከሁሉም የከፋውን ነበር፣ አርቤይትስኦንኸስኺክትሄይትስፈርዜከሪንግ። በላቲን ፊደል 33 ሆሄ ነው፣ አንድም ክፍተት የለውም። ስልኩን አስጠግቼ አሰማኋቸው፣ ድገሚው አሉ፣ ደገምኩት፣ ሦስተኛው ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና «ይሄ አንድ ቃል አይደለም፣ ተናባቢ ነው፣ ዘርፉ የቱ ነው ባለዘርፉስ?» አሉኝ። በግዕዝ ተናባቢ የሚባለው ሁለት ስም ተያይዞ እንደ አንድ ሲነገር ነው፣ አንዱ ሌላውን ይገልጻል።

እኔ እስከዛ ቀን ድረስ ደችን በአማርኛም በግዕዝም ዓይን አይቼው አላውቅም ነበር። ያው እንግሊዝኛን ነበር ሳስብ የኖርኩት። ትርጉሙን ነገርኳቸው፣ አርቤይት ሥራ ነው፣ ኦንኸስኺክት ብቁ ያልሆነ፣ ሄይት ማለት የኛ «ነት» ነው፣ ፈርዜከሪንግ ኢንሹራንስ። ሲገጣጠም ሰው በሕመም በአደጋ መሥራት ሲያቅተው የሚከፈለው ኢንሹራንስ ማለት ነው። አባቴ ከእናቴ ሰፌድ ላይ ሽምብራ በእጃቸው ዘገን አድርገው «በይ እየቆረጥሽ በይው» አሉኝና እኔ ቀስ እያልኩ ስል እሳቸው ለእያንዳንዷ የድምፅ ጉማጅ አንድ ሽምብራ መደቡ ላይ ያስቀምጣሉ። አር፣ ቤይትስ፣ እዚህ ላይ ክፍተት ተዉ። ኦን፣ ኸ፣ ስኺክት፣ ሄይትስ፣ ክፍተት። ፈር፣ ዜ፣ ከ፣ ሪንግ። አሥር ሽምብራ፣ በሦስት ክምር፣ ሁለት አራት አራት። ከዛ ስልኩን እንደገና አሰሚኝ አሉና ሰምተው የመጀመሪያዋን ሽምብራ አነሱና በቦታዋ ትልቅ ባቄላ አስቀመጡ። «እዚህ ላይ ነው የተነሳው። ሌላው ሁሉ ከዚህ ወርዶ የሚፈስ ነው።»

ቅኔ ቤት ያለፈ ሰው ያውቀዋል፣ ግዕዝ ሲነበብ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይ፣ ሰያፍ የሚባል ነገር አለ፣ ድምፁ የት ተነስቶ የት እንደሚወድቅ ያልለየ ተማሪ ቃሉን ቢያውቀውም አነበበ አይባልም። አማርኛችን ላይ ይሄ ነገር ጎልቶ ስለማይሰማ እኛ ቃልን ደልደል አድርገን ነው የምናወጣው፣ ሁሉም ጉማጅ እኩል ነው። ደች ላይ ግን እኩል የሚባል ነገር የለም፣ አንዱ ይነሳል ሌሎቹ ይጎነበሳሉ፣ ያልተነሱት ብዙ ጊዜ አናባቢያቸው ሳይቀር ተውጦ «ኧ» ብቻ ይሆናል። ለዛ ነው እኔ ፈተናው ላይ ያልሰማኋቸው፣ እኔ ሁሉንም ጉማጅ እኩል ጠብቄ ነበር የተቀመጥኩት፣ የመጣው ግን አንድ ጉልህ ድምፅና ከኋላው የሚንኮታኮት ነገር ነበር።

አሁን ዋናውን ነገር ልናገር። ረጅም የደች ቃል ስታገኙ ትርጉሙን ከጭራው፣ ድምፁን ከራሱ ፈልጉ። ትርጉሙ ከጭራው የሆነው ልክ እንደ አማርኛ ስለሆነ ነው፣ እኛ ትምህርት ቤት፣ ምግብ ቤት፣ ጽሕፈት ቤት ስንል ነገርየው ቤት ነው፣ ከፊት ያለው ምን ዓይነት ቤት እንደሆነ ነው የሚነግረን። እነሱም ዚከንሃውስ ይላሉ፣ ዚክ የታመመ፣ ሃውስ ቤት፣ ሆስፒታል ማለት ነው። ግዕዙ ተገልብጦ ቤተ መጻሕፍት፣ ቤተ ክርስቲያን ይላል፣ ደቹ ግን ከአማርኛው ጋር ነው የወገነው። ልዩነቱ እኛ መሃል ላይ ክፍተት እንተዋለን፣ እነሱ ያጣብቁታል። ሲያጣብቁት ደግሞ አንዳንዴ መሃል ላይ ማያያዣ ይጨምራሉ፣ «ስ» ወይ «ን»፣ አርቤይት የነበረው አርቤይትስ ሆነ አይደል? ዚክ የነበረውም ዚከን። አባቴ ይሄን ስነግራቸው «ቤት ቤተ እንደሚሆነው ነዋ» ብለው አለፉ፣ እኔ ሳምንት የፈጀብኝን ነገር። ስለዚ መሃል ላይ ትርጉም የሌላት «ስ» ስታገኙ አብዛኛውን ጊዜ ስፌቱ እሷ ጋ ነው፣ እዛ ቁረጡ።

ድምፁ ከራሱ ማለት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው የመጀመሪያው ክፍል ነው ማለት ነው። እዚህ ጋ ተጠንቀቁ፣ የመጀመሪያው ክፍል አልኩ እንጂ የመጀመሪያው ጉማጅ አላልኩም። ፈርብሌይፍስፈርኸኒንግ ላይ እኔ የተሸወድኩት እዚህ ነው፣ ደንቡን እንደሰማሁ «ፈር»ን ከፍ አድርጌ ማለት ጀመርኩ፣ ባለቤቴ ደግሞ ዝም ብሎ ይሰማኝና «ልክ አይመስለኝም ግን ለምን እንደሆነ አላውቅም» ይለኛል። ነገሩ ቃሉ ሁለት ክፍል ነው፣ ፈርብሌይፍ መኖር ወይ ቆይታ፣ ፈርኸኒንግ ፈቃድ፣ መሃላቸው «ስ»። ፈርብሌይፍ ብቻውን ሲነገር የሚነሳው «ብሌይፍ» ላይ ነው፣ ምክንያቱም ከፊት የሚለጠፉት ፈር፣ በ፣ ኸ፣ ኦንት የሚባሉት ምዕላዶች ግስና ከግስ የወጣ ስም ላይ ድምፅ አይሸከሙም። ስለዚ ሲገጣጠምም እዛው ይቆያል፣ ፈር ዝቅ፣ ብሌይፍስ ከፍ፣ ከዛ ፈር ኸ ኒንግ እያለ ይወርዳል። አምስት ጉማጅ፣ ባቄላው ሁለተኛው ላይ። ኸሜንተሃውስ የሚለውም እንዲሁ ነው፣ የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ነው፣ ኸ ዝቅ ሜን ከፍ። ሁለተኛው ክፍል ደግሞ ጭራሽ ይሞታል ማለት አይደለም፣ የራሱ ቀና የምትል ጉማጅ አለችው፣ ረጅሙ የኢንሹራንስ ቃል ላይ ፈርዜከሪንግ ውስጥ «ዜ» ትንሽ ቀና ትላለች፣ ግን ከ«አር» አትበልጥም።

ስያሜዎቻቸው ራሳቸው ደስ ይሉኛል። የድምፅ ጉማጅን ሌተርኽሬፕ ይሉታል፣ ሌተር ፊደል ነው፣ ኽሬፕ ጭብጥ፣ የፊደል ጭብጥ እንደማለት። የድምፁን መነሳት ክሌምቶን ይሉታል፣ ክሌም ጨበጥ አድርጎ የሚይዝ ነገር፣ ቶን ቃና። ሁለቱም ቃላት ራሳቸው ጥምር ናቸው፣ ሁለቱም መጀመሪያቸው ላይ ነው የሚነሱት።

ሌላው እኛን የሚጥለን የራሳችን ፊደል ነው። ፊደላችንን እወደዋለሁ፣ ግን ደችን በሱ ስንጽፍ ሳድሱ ያታልለናል። ሄርፍስት የሚል ቃል አላቸው፣ መፀው ማለት ነው። ጻፍነው፣ አምስት ፊደል። እኛ ስናነበው ሳናስበው ትንንሽ «እ» እየጨመርን ሄርፍ-እስት እንለዋለን፣ አንዳንዱ ሰው ሦስትም ያደርገዋል። ለነሱ ግን አንድ ጉማጅ ናት፣ አንድ ሽምብራ፣ አናባቢ ያላት «ሄ» ብቻ ናት ሌሎቹ ተናንቀው ከኋላዋ ነው የሚወጡት። ከዚህም የባሰ አለ፣ አንግስትስኽሬው፣ የፍርሃት ጩኸት። በላቲኑ መሃል ላይ ስምንት ተነባቢ ሆሄ በተከታታይ የተደረደረበት ቃል ነው፣ ሆኖም ሁለት ጉማጅ ብቻ ነው ያለው፣ አንግስት ብሎ ይቆርጥና ስኽሬው። ይሄን ቃል ሽምብራ ይዘን ስንሞክረው እናቴ ሁሌ አራት ታስቀምጣለች አባቴ ሁለት፣ እናቴ «እኔ የሰማሁትን ነው» ትላለች፣ እውነቷን ነው፣ የአማርኛ ጆሮ አራት ነው የሚሰማው። መፍትሔው የቆጠርከው ጉማጅ ከቃሉ አናባቢ ድምፆች እንዳይበልጥ ማየት ነው። አናባቢ ድምፅ ስንት ናት? ጉማጁም ያው ነው።

መጥበቅና መላላት ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው የሚያጋጥመን። እኛ ድርብ ሆሄ ስናይ ማጥበቅ ይቀናናል፣ የምንኖርበት ቋንቋ ስለሆነ። አልበላም ስንል ላልታ እኔ አልበላም ነው፣ ጠብቃ እሱ አልበላም ነው፣ አንዲት ሆሄ ሳይቀየር ሰውየው ተቀየረ፣ ፊደሉ አያሳየውም ጆሮ ነው የሚለየው። ደች ላይ ማንነን ብሎ በሁለት ኤን ተጽፎ ስታዩት ኤኗን አታጥብቋት። ድርቧ የመጣችው ከፊቷ ያለችውን «ማ» አጭር ናት ለማለት ብቻ ነው፣ ስትነገር ማነን ናት፣ ወንዶች ማለት። አንድ ኤን ብቻ ሆና ከተጻፈች ደግሞ ማ-ነን ተብላ ትቆረጣለች፣ «ማ» ክፍት ስለሆነች ትረዝማለች፣ ማአነን፣ ጨረቃዎች። ወንዶችና ጨረቃዎች የሚለያዩት በአናባቢ ርዝመት ነው፣ ርዝመቱን የምታውቁት ደግሞ ጉማጁ የት ላይ እንደተቆረጠ ስታዩ ነው። ይሄ ነገር የገባኝ ቀን ማንበቤ በአንዴ ነው የተስተካከለው፣ ያለማጋነን።

ወደ ቅኔው ልምጣ፣ እኔ ከሁሉም የምወደው እዚህ ያለውን ነው። ጥምር ቃል አጣብቀው ስለሚጽፉት ስፌቱን ባልሆነ ቦታ የቆረጠ ሰው ሌላ ትርጉም ላይ ይወድቃል። በላቲኑ አንድ ዓይነት ተጽፎ ሁለት ሆኖ የሚነበብ ቃል አለ፣ በአንድ በኩል ማሳዠ-ቤት፣ ማሳዥ የሚደረግበት አልጋ ነው፣ የነሱ አልጋ «ቤት» ተብሎ ነው የሚነገረው፣ መጨረሻ ላይ ያለው ዲ ሲነገር ት ስለሚሆን። በሌላ በኩል ማሳ-ኸቤት፣ ማሳ ብዙ ሕዝብ፣ ኸቤት ጸሎት፣ የብዙ ሕዝብ ጸሎት። አንደኛው ላይ ድምፁ «ሳ» ላይ ይነሳል፣ ሁለተኛው ላይ «ማ» ላይ። ለአባቴ ስነግራቸው እጃቸውን አጨበጨቡ፣ «ይሄማ ኅብር ነው!» ብለው። ሌላ አምጪ ሌላ አምጪ ሆነ ከዛ በኋላ። ዴይክራምፕ አልኳቸው፣ ዴይክ-ራምፕ ካልከው የባሕር መከላከያ ግድብ አደጋ ነው፣ ዴይ-ክራምፕ ካልከው የታፋ ቁርጥማት። ኬርስቶማትየስ፣ ኬርስ-ቶማትየስ ትንንሽ ቲማቲሞች ናቸው፣ ኬርስት-ኦማትየስ ካልከው የገና አያቶች፣ ሴቶቹ አያቶች። ቫልክአውልን ደግሞ ቫል-ካውል ብለህ ስትቆርጠው ወጥመድ የሆነ ጉድጓድ ነው፣ ቫልክ-አውል ስትለው ጭልፊት-ጉጉት የሚባል የሌለ ወፍ ይወጣል።

አባቴ ለዚህ መልስ አላጡም። «ባልበላ» ብለው መሬቱ ላይ በጣታቸው ጻፉና «ይሄስ?» አሉኝ። እኔ ካልበላሁ ማለት ነው አልኳቸው። «ገንጥይው።» ባል በላ። ሆሄው ያው ነው፣ ሲገነጠል «ላ» ጠበቀችና ባልየው በላ። እናቴ ሽምብራዋን ትታ ሳቀች። ጎጃም ያደገ ሰው ሰምና ወርቅን ሲለይ የኖረው እኮ ቃል ከየት እንደሚቆረጥ በማሰብ ነው፣ ይሄ ችሎታ ደች ላይ ሲሠራ ማየት እኔን በጣም ነው ያስደሰተኝ፣ ምክንያቱም ከዛ በፊት እኔ ለዚህ ቋንቋ የሚሆን ምንም ነገር ከቤቴ ይዤ የምሄድ አይመስለኝም ነበር።

ዴይክራምፕን ከጠራሁ አይቀር ለፈተናውም የሚጠቅም አንድ ነገር ልበል። በ1953 ከጥር መጨረሻ ወደ የካቲት 1 በሚያነጋው ሌሊት፣ በነሱ አቆጣጠር ማለት ነው፣ ማዕበል ግድቦቹን ሰብሮ ሆላንድ ውስጥ 1,836 ሰው ሞቷል። ያንን ዋተርስኖትራምፕ ይሉታል፣ ዋ-ተርስ-ኖት-ራምፕ፣ አራት ጉማጅ ሦስት ቃል፣ ውሃ፣ መከራ፣ አደጋ፣ «ዋ» ላይ ይነሳል። ሰምታችሁ «ዋ»ን ከያዛችሁ የቀረውን ትደርሱበታላችሁ።

ድምፁ ሲዛወር ትርጉሙ የሚገለበጥባቸው ደግሞ አሉ። ፎርኮመን አንዱ ነው። «ፎር» ላይ ካነሳችሁት መከሰት ነው፣ «ኮ» ላይ ካነሳችሁት መከላከል። በሽታ ሲከሰትና በሽታን ስንከላከል! ሐኪም ፊት ይሄን ማምታታት አያስፈልግም። አኽተርአውትኻንግ የሚለው ግን ለኔ ከሁሉም የሚያስተምረው ነው። «አኽ» ላይ ከተነሳ የጓሮ መውጫ በር ነው፣ «አውት» ላይ ከተነሳ ማሽቆልቆል። ለምን? ስፌቱን እዩት። የመጀመሪያው አኽተር እና አውትኻንግ ነው፣ የኋላ እና መውጫ፣ ስለዚ የመጀመሪያው ክፍል አኽተር ነው እሱ ላይ ተነሳ። ሁለተኛው አኽተርአውት እና ኻንግ ነው፣ ወደ ኋላ እና አካሄድ፣ አኽተርአውት ብቻውን ሲነገር «አውት» ላይ ስለሚነሳ ሲጣመርም እዛው ቆየ። ደንቡ አልተጣሰም፣ ሁለቱም ጋ የመጀመሪያው ክፍል ነው የተነሳው፣ የተለየው የተቆረጠበት ቦታ ነው። ስፌቱን ካወቃችሁ ድምፁን ታውቃላችሁ፣ ድምፁን ከሰማችሁ ደግሞ ስፌቱን። እኔ ሁለት ነገር እየመሰለኝ ለየብቻ ሳጠና ነበር የከረምኩት።

አጻጻፉ ላይ ብዙ አልቆይም፣ አንድ ነገር ብቻ። አሮጌ መጽሐፍ ደርሷችሁ ፓነኩክ የሚለው፣ ያ የነሱ ስስ ቂጣ፣ መሃሉ ላይ ኤን ከሌለው መጽሐፉ ተሳስቶ አይደለም፣ በ1995 የአጻጻፍ ደንቡ ሲሻሻል ነው ኤኗ የገባችው። ስትነገር አብዛኛው ሰው አይላትም፣ ስለዚ ለጆሯችሁ ፓ-ነ-ኩክ ናት፣ ሦስት ጉማጅ። እኔ የደረሰኝ መጽሐፍ አሮጌ ስለነበር ስልኬ ላይ ካለው ጋር ሳይገጥም ሲቀር የቱን እንደማምን አጥቼ ሁለት ቀን ተጨንቄያለሁ፣ እናንተ አትጨነቁ።

እንዴት እንደተለማመድኩ ለጠየቃችሁኝ፣ በየቀኑ አምስት ቃል ብቻ ነበር የምይዘው። መጀመሪያ ስልኩን ሳላይ እሰማለሁ፣ የሚነሳው የት ጋ እንደሆነ ብቻ፣ ትርጉም የለም ምን የለም። ከዛ ሽምብራውን እደረድራለሁ። ከዛ የሚነሳውን ጉማጅ ጮክ ብዬ እላለሁ የቀረውን ሳላርፍ በአንድ ትንፋሽ አወርደዋለሁ፣ ቢበላሽም ግድ የለም፣ ማረፍ ግን የለም። መሃል ላይ ካረፋችሁ ለሚሰማው ሰው ሁለት ቃል ነው የሚሆንበት። ገበያ ስሄድ በመንገዴ ላይ እግሬን እየቆጠርኩ እላለሁ፣ ባቄላዋ ላይ ቀኝ እግሬን ረገጥ አድርጌ። ሁለተኛ ጊዜ አዲስ አበባ ስወርድ ደጀን ላይ መኪናው ሲቆምም ይሄንኑ ሳደርግ ነበር። አለፍኩ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ደንቡን የማይሰሙ ቃላት መኖራቸውን ሳልናገር እንዳላበቃ። ስታትሃውስ፣ የከተማው ማዘጋጃ ቤት፣ «ሃውስ» ላይ ነው የሚነሳው፣ ዚከንሃውስ ግን «ዚ» ላይ። በርኸሜስተር፣ ከንቲባው፣ «ሜስ» ላይ ይነሳል። እነዚህን በጆሮ መያዝ ነው፣ ሌላ መላ የላቸውም። ትናንት ማታ አባቴ ደውለው «አዲስ ቃል የለሽም?» ሲሉኝ ቡረንኮልን ሰጠኋቸው፣ ቡር ገበሬ፣ ኮል ጎመን፣ የገበሬ ጎመን ማለት ነው፣ ቅጠሉ የሚጠቀለል ክረምታቸው ላይ የሚበሉት። ሁለቴ አስደገሙኝና ዝም አሉ። ሽምብራው ሲንኳኳ በስልክ ይሰማኛል።

«ባቄላው መጨረሻ ላይ ነው እንዴ የወደቀው?» አሉኝ።

«አዎ አባባ፣ ይሄኛው ጎመኑ ላይ ነው የሚነሳው።»

«ገበሬውን ትተው ጎመኑን አነሱት በይኛ» አሉና ለእናቴ ሊነግሯት ስልኩን ሳይዘጉት ሄዱ።